ክንዷ መዳፍ እስኪሞላ

መርዶውን የነገረኝ ከመካነ ብርሃን ገብስ ጭኖ የወረደ ሰው ነው። ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሜ ቃሪያ ስመርጥ መጥቶ፣

"የቁስቋሟ የሺ አንቺ ነሽ? የደብሪቱ ጎረቤት?" አለኝ።

"ነበርኩ።"

"እንግዲያው ነፍስ ይማር በይ። እናትዮዋ እማማ ትርንጎ በጥር አረፉ። እሷም ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ተከተለቻቸው።"

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ይጮኻል፤ ደረቱን ይመታል። የኔ አፍ ግን እኔን ሳያማክር፣ "ስትሞት ወፍራ ነበር ወይስ ከስታ?" ብሎ ጠየቀ።

ሰውዬው አፈጠጠብኝ። "ምነው? ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?"

"ዝም ብዬ ነው፣ አያ።"

"እኔ ምን አውቄ! የደረስኩት ተገንዛ በጋቢ ተጠቅልላ ነው። በጋቢ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ነው።"

"እናቷስ መርቀዋታል?"

ይህን ሲሰማ ጤነኛ መሆኔን ተጠራጠረ መሰለኝ ጉዞውን ቀጠለ። ቃሪያውን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ። እንባዬ የመጣው ቤት ገብቼ ነጠላዬን ካጠፍኩ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ለምን እንደሚወርድ ግራ ገብቶት ጉንጬ ላይ ቆም ቆም የሚል ዓይነት ነበር። እትዬ ደብሪቱን ሳስብ ሁልጊዜም እንደዚሁ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው ገብቶኝ ሳይሆን፣ ሳወራው ምናልባት ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ወደ ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም የመጣችው ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ባሏ አቶ ታደለ አራዳ ካሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ነበር፤ ጥቁር ኮት የሚለብስ፣ በኮቱ ኪስ እርሳስ የሚሰካ፣ ጨዋ ሰው። እሷን ከመካነ ብርሃን ሲያመጣት ሸንበቆ ነበረች። እውነቴን ነው፤ አንገቷን ሳይ ማተቧ ይከብዳታል ብዬ እሰጋ ነበር። አረማመዷ ግን የደጋ ሰው አረማመድ ነው፤ እኛ የቁስቋምን ዳገት እያረፍን ስንወጣው እሷ እያወራች ታልፈን ነበር።

በሳምንቷ እንስራ አዝላ ልትወርድ ስትል አቶ ታደለ በር ላይ ያዛት።

"የት ነው?"

"ውሃ ልቀዳ።"

"የወር ደመወዝተኛ ሚስት ውሃ ስትቀዳ ሰው ምን ይለኛል? አስቀምጪው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን ሌላ ሰው ቀዳላት። እንጨቱን ሌላ ሰው ፈለጠላት። ወፍጮው ላይም ሌላ ሰው ተቀመጠ። እሷ ለባሏ ክብር ስትል ቁጭ አለች። የበላችውም በአገሯ ያላየችውን ነው፤ ፉርኖ ዳቦ፣ መኮረኒ፣ አምስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ። "ስኳር ማለት እኮ ማር ነው፤ ንብ የሌለው" ትለኝ ነበር። "አገሬ ሳለሁ እህል ፍለጋ እኔ እሮጣለሁ። እዚህ እህሉ ነው ወደኔ የሚሮጠው። ምን ላርገው፣ እንግዳ አይመለስ!"

እንዲህ እየሆነ ወፈረች። መጀመሪያ ጉንጯ ሞላ፤ ቀጥሎ ክንዷ፤ ቀጥሎ ወገቧ ጠፋ። በነገራችን ላይ እሷ ብቻ አልነበረችም። በዚያ ዘመን አራዳ አካባቢ የባለ ደመወዝ ሚስቶች ሁሉ ክብ ክብ ማለት ጀምረው ነበር። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ "እናንተ ሴቶች፣ አቡጀዲዱን ወዴት እያደረሳችሁት ነው? ድሮ ለሁለት ሰው የሚበቃው አሁን ለአንድ ወገብ አነሰኝ" ይል ነበር። እኛ ግን ደስ ነው ያለን። ከከፋ ቀን የወጣን ሰዎች ነን፤ ጣሊያን ያቃጠለውን ጎተራ፣ በቅጠል የታለፈውን ክረምት ገና አልረሳንም። የሞላ ገላ ስናይ ሰላም ያየን ይመስለን ነበር። በየበዓሉ "ኧረ አማረብሽ! ኧረ እንዴት ደላሽ!" እንላታለን። ሙሽራ ስትወጣ፣ ሲሳይዋ ይተላለፍላት ብለን ሙሽራዪቱን በእትዬ ደብሪቱ እጅ እናስነካት ነበር። በወር አንድ ቀን ተሰብስበን የማርያምን ጽዋ በምንጠጣበት ማኅበርም የክብር ቦታ የሷ ሆነ።

እሷም በራሷ ትስቅ ነበር፤ ማንም ሳይቀድማት። ከመቀመጧ በፊት በርጩማዋን በመዳፏ መታ መታ ታደርግና፣ "በርጩማዬ፣ የዛሬን ይቅር በይኝ" ትላለች። ከዚያ ትቀመጣለች። ስትነሳም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቻልሽኝ" ትላታለች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል፤ ቀጥሎ ደረቷ፣ ቀጥሎ እኛ ሁላችን።

አንድ ነገር ብቻ አያስቃትም ነበር። ልጅ አልወለደችም። ሆዷ ሲገፋ ያዩ ሴቶች አንድ ሁለቴ "ማርያም ቀረበችሽ መሰል፣ ስንት ወርሽ ነው?" ብለዋታል። እሷም ያን ጊዜ ጉልበቷን እያየች፣ "የለም እኅቴ፣ መኮረኒ ነው" ትላለች። ለኔ ብቻ ምክንያቱን ነገረችኝ። ስትዳር እናቷ ተስቦ ይዟቸው ራሳቸውን አያውቁም ነበር። አጃቢው ቸኩሎ፣ በእናቷ ሳትመረቅ ከቤት ወጣች። "ያልተመረቀች ማሕፀን እንደ ተዘጋ በር ናት፣ የሺ። አንድ ቀን እሄድና እናቴ እጇን ትጭንብኛለች። ያን ጊዜ ታያለሽ" ትለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ስትል ዓመቱ ተቆለለ።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ።

የሁዳዴ ጾም ነው። ሁላችን ከስተን፣ ከንፈራችን ደርቆ፣ ዓይናችን ጎድጉዷል። እትዬ ደብሪቱ ግን እንደ ጨረቃ ሞልታለች። እንዲያውም ጾሙ በገባ በአራተኛው ሳምንት ጨመረች። አስካለ የምትባል የማኅበራችን ሴት፣ ምላሷ ከወፍጮ የማይተናነስ፣ ጎተት አድርጋ ከዛፍ ሥር አቆመችኝ።

"አንቺ፣ ዓይን የለሽም?"

"ምነው?"

"እኛ እንደ እንጨት ደርቀን እሷ እንዴት ትወፍራለች? በአየር ነው? ቅቤ አለ በዪኝ። ጓዳ ውስጥ ቅቤ አለ።"

"ኧረ እትዬ ደብሪቱ ጾም አትገድፍም!"

"ነገ ማኅበሩ በሷ ቤት ነው። ጓደኛዋ አንቺ ነሽ፤ ጓዳዋን አይተሽ ነዪ። በሁዳዴ በቅቤ እጅ የተጋገረ የማርያም ዳቦ ብትበዪ ኩነኔው ባንቺም ይተርፋል።"

ይህ የእኛ አገር ስሕተት ነው። ሌላ አገር ወፍራም ሰው ቢያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኛ ግን ጾምን በሥጋ ነበር የምንለካው፤ የከሳ ጾመ፣ የወፈረ ገደፈ። እኔም ሞኝ፣ ገደፈች ብዬ ባላምንም፣ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ማለዳ ጥጥ ልዋስ ብዬ ገባሁ። እሷ ጓሮ ጎመን ስትቀጥፍ እኔ ጓዳ ገባሁና ያንዱን ገንቦ አፍ ከፈትኩ። የኑግ ዘይት። ሌላውን ከፈትኩ። ሽሮ። ቀና ብል በሩ ጨለመ፤ እትዬ ደብሪቱ በሩን ሞልታው ቆማለች።

"ቅቤ ፈልገሽ ነው?" አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ላይኛውን መደርደሪያ አላየሽውም። ጎንበስ በዪና ከአልጋው ሥርም እዪ። ቁመትሽ ካልደረሰ በርጩማዬን ላቀብልሽ፤ አንቺን እንኳን ትችላለች።"

"እትዬ ደብሪቱ፣ በማርያም..."

"ተዪው። እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ።" ጎመኑን አስቀምጣ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚያን ቀን ብቻ ከመቀመጧ በፊት ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ፊቷም ጠቆረብኝ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፌ አይዞርም፣ የሺ። ምራቄን እንኳ እየቆጠብኩ ነው የምውጠው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ሆዴ እንደ ተፈታ በሬ ነው። ዳቦውን በዘይት፣ ሻዩን በስኳር፣ መኮረኒውን በምንቸቱ ሙሉ። አገሬ ሳለሁ ጾም የምንፈታው በገብስ ቆሎ ነበር፤ እሱንም ዳገት ላይ ሆነን። እዚህ ጾመኛ ስሆን ይብስብኛል። ጾሜ ነው የሚያወፍረኝ። ይህን ለማን ልናገር? ማን ያምነኛል?"

እኔ አመንኳት። ለአስካለም ነገርኳት። አስካለ ግን "ደብቃዋለች" አለች። በማኅበሩ ላይ ሴቶቹ የሷን ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ የበሉ መስለው፣ ሲወጡ አጥር ሥር ጣሉት። እትዬ ደብሪቱ አይታለች። ያን ቀን እንደ ሌላው ቀን ስቃ ሸኘችን። ያ እጅ ከሦስት ዓመት በፊት ሙሽራ ያስነኩት እጅ መሆኑን ሳስብ፣ አንዱ እጅ እንዴት መጀመሪያ ሲሳይ ቀጥሎ እርኩስ እንደሚሆን እስካሁን አይገባኝም።

መልእክቱ የመጣው በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ የአገሯ ቄስ ለደብር ጉዳይ ጎንደር ወርደው፣ የእማማ ትርንጎን ቃል እንዳለ አደረሱ። "ዓይኔ ጠፍቷል። ነይና ዳብሼሽ ልመርቅሽ። ከዚህ ክረምት ወዲያ አልቆይም።"

እትዬ ደብሪቱ ያን ቀን እንደ ልጅ ሆነች። እኔ ባሌ ሞቶብኝ ጥጥ እየፈተልኩ የምኖር ስለነበርኩ የሚያስረኝ አልነበረም፤ አብሬያት ተነሳሁ። አቶ ታደለም ጓዳዋን ከፈተሽኩ ወዲህ እንኳ የምታምነኝን ሚስቱን በአደራ ሰጠኝ።

እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና ሄድን። ከዚያ በኋላ መንገዱ የበቅሎ ነው። ደባርቅ ገበያ ላይ ስትወርድ ሰዉ ከመንገድ ዞር እያለ እጅ ነሣት። "የየትኛው ደጃዝማች ባለቤት ናት?" ሲባባሉ ሰማሁ። አንዲት አሮጊት ቀሚሷን ሳመቻት። እትዬ ደብሪቱ በጆሮዬ፣ "እንግዲህ ይህን ሆድ ዝቅ አድርገሽ አትይ፤ እዚህ ማዕረግ አለው" አለችኝ።

በቅሎ የሚያከራየው አያ ካሳ የሚባል፣ ጢሙ እንደ ደጋው ተክል እንደ ጅብራ ቅጠል የቆመ ሰው ነበር። እትዬ ደብሪቱን ከላይ እስከ ታች አያት። በቅሎዋንም አያት።

"እመቤቴ፣ ወዴት ነው?"

"መካነ ብርሃን።"

"በቧሂት ተራራ በኩል?"

"ሌላ መንገድ አለ እንዴ፣ አያ?"

"ለርስዎ እንኳ የለም።" ራሱን አከከ። "በቅሎዬን ልጠይቃት።"

በአራት ሰው ተደግፋ ወጣች። በቅሎዋ ቆመች፤ ጆሮዋን አጠፈች፤ ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ የፊት ጉልበቶቿን አጥፋ እንደ ሰጋጅ ዝቅ አለች። እትዬ ደብሪቱ በአንገቷ በኩል ተንሸራታ ገበያው መሀል ቁጭ አለች። ቀሚሷን የሳመችው አሮጊት ሳትቀር ሁሉም ሳቀ። አያ ካሳ ግን አልሳቀም። በቅሎዋን ጉልበቷን እየዳበሰ፣

"እሜቴ፣ አይቀየሙኝ" አለ። "ቧሂት ላይ ይህ ቢሆን ገደል ነው። ርስዎን ገደል ከትቼ ነፍሴ የት ትገባለች? ቀለል ብለው ይምጡ። በዚያን ጊዜ በነፃ እወስድዎታለሁ።"

"ምን ያህል ቀለል ልበል?"

"በቅሎዬ እሺ እስክትል።"

በጭነት ማኪና ተመለስን። ጎንደር መግቢያ ላይ፣ "እናቴና እኔ መሀል ያለው ቧሂት መስሎኝ ነበር። ለካ እኔው ነኝ" አለች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ፈረንጁ ሐኪም ደረቷን አዳምጦ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው አሳጠረው። "ልብሽ የተሸከመው በዝቷል። ስኳር ተዪ። ዘይት ቀንሺ። በእግርሽ ሂጂ።"

"መድኃኒቱስ?" አለች።

"ይኸው ነው።"

"ይኸውማ አገሬ በነፃ ነበረኝ" አለች፤ ትከሻዋም ተነቃነቀ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያየነው ሁሉ አፋችንን ይዘን ነው። በየማለዳው ከቁስቋም አራዳ፣ ከአራዳ ቁስቋም በእግሯ መመላለስ ጀመረች። መጀመሪያ በየአጥሩ እየተደገፈች ነበር። እኔም አብሬያት ስሄድ ከየዛፉ ሥር እያረፈች "ይህን ዛፍ የተከለውን ሰው ነፍሱን ይማር" ትላለች። ስኳሩን ዘጋች። መኮረኒውን ለጎረቤት ሰጠች። ሐኪሙ ያላዘዘውን እንስራም አወጣች፤ አቶ ታደለም ተቆጣ።

"ሰው ሚስቱን እያስራበ ነው እያለኝ ነው፣ ደብሪቱ! መሥሪያ ቤት የቢሮ አለቃዬ ሳይቀር 'ቤትህ ሰላም ነው ወይ' አለኝ። አንቺ በከሳሽ ቁጥር እኔ ነኝ የምዋረደው!"

"ስወፍር የኔ፣ ስከሳ ያንተ ሆነ?"

"የመጀመሪያውማ ክብር ነበር!"

"በሁዳዴ ዳቦዬን አጥር ሥር ሲጥሉት የማን ክብር ነበር?"

ኮቱን ደርቦ ወጣ። ደግ ሰው ነው፤ እሱም እንደኔ ግራ የገባው ነው። አስካለ ደግሞ አዲስ ወሬ አገኘች። "ባሏ ጠልቷታል" አለች። ሁለት ወር ቆይታ "የሳንባ በሽታ ነው" አለች። በማኅበሩ ላይ ከጽዋው ከሷ በኋላ መጠጣት የፈሩ ሴቶች ነበሩ። ወፍራ ሳለች እጇን፣ ከስታ ትንፋሿን ሸሹ። አንድ ቀን አስካለን "እሷ እንዴት ብትሆን ነው ደስ የሚልሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። አስካለ ትንሽ አሰበችና፣ "እንደ ሁሉ ሰው" አለች። ሁሉም ሰው ምን ያህል እንደሚሆን ግን አልነገረችኝም።

ክረምቱ አለፈ፤ እናትዮዋም በሕይወት ተሻገሩት። "አሁንም አሉ" እየተባለ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ክረምት ተጨመረ። በሁለተኛው ጥቅምት ደባርቅ ስንወርድ ማንም እጅ አልነሣን። አያ ካሳ አላወቃትም፤ "እመቤቲቱስ?" አለኝ። እሷን ጠቆምኩት። ዞራት። እንደ በግ ገዢ ዞራት። በቅሎዋ ላይ አወጣት፤ በቅሎዋም ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሄደች። አያ ካሳ ቃሉን አላጠፈም።

ቧሂትን በሁለተኛው ቀን አለፍነው። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ይነጫሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ እሷ ወርዳ በእግሯ ተራመደች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላረፈችም። የድሮዋ፣ እያወራች የምታልፈን ደብሪቱ ተመልሳ መጣች ብዬ እንባዬ መጣ።

እማማ ትርንጎ በር ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው ተቀምጠው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ተሰብስቧል። እሷ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

"እማ፣ መጣሁ።"

"ድምፅሽ ነው" አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። ራሷን ዳበሱ፤ ጉንጯን ዳበሱ። ከዚያ ክንዷን ያዙ። የክንዷ ቆዳ ሥጋው ሲሄድ እንደ ባዶ ስልቻ ተርፎ ነበር። የእማማ ትርንጎ ጣቶች ቆዳውን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

"ማን በላብኝ?" አሉ።

"ምኑን እማ?"

"ሥጋሽን! ከጎንደር የሚመጣ ሰው ሁሉ 'ልጅሽ እንደ እመቤት ወፍራለች፤ በሩ ይጠባታል' ሲለኝ ነበር። እኔም ለዚህ ሁሉ ጎረቤት አውርቻለሁ። 'ልጄ ጠግባ አደረች' እያልኩ ነው ዓይኔ ሲጠፋ እንኳ የተጽናናሁት። ይህ ምንድነው? ባልሽ ጣለሽ? ቡዳ በላሽ?"

"እማ፣ አንቺን ለማየት ብዬ ነው የከሳሁት። በቅሎዋ አልችልም ብላኝ።"

"እናቱን ለማየት ብሎ የሚከሳ ማን አለ? ሰው እናቱ ዘንድ ሲመጣ ጠግቦ ነው የሚመጣ!" አለቀሱ። ጎረቤቶቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም ሐኪሙን፣ ልቧን፣ ስኳሩን ላስረዳ ብዬ ጀመርኩ። እማማ ትርንጎ ወደ ድምፄ ዞረው፣ "አንቺ ሸጋ ልጅ ትመስያለሽ፤ ዝም በዪ" አሉኝ።

"መርቂኝ፣ እማ" አለች እትዬ ደብሪቱ። ግንባሯን መዳፋቸው ሥር አስገባች።

እጃቸውን አነሡ። "እንዲህ ሆነሽ አልመርቅሽም። ረኃብሽን አልባርክም። ክንድሽ መዳፌን ሲሞላው ያን ጊዜ እመርቅሻለሁ፤ መርቄሽም ዓይኔን እከድናለሁ። የቀረኝ ሥራ እሱ ነው።"

በዚያው ቀን በግ ታረደ። ከዚያ ወዲያ ወተቱ፣ ቅቤው፣ የገብስ ገንፎው ማቆሚያ አልነበረውም። እናት ያጎረሰችውን መመለስ በእኛ ዘንድ የለም፤ ያውም ዓይነ ስውር እናት። እማማ ትርንጎ ጉርሻውን ይዘው እጃቸው አየር ላይ ይፈልጋታል፤ አንዳንዴ አገጯን ያገኛል፣ አንዳንዴ አፍንጫዋን፤ እሷ አፏን ከፍታ ትከተለዋለች። በየማለዳው ክንዷን በመዳፋቸው ይለካሉ። "ገና ነሽ" ይላሉ። "ገና።"

ሦስት ሳምንት ሆነን። እኔ ለመመለስ ስነሳ አያ ካሳ በቅሎዎቹን ይዞ መጣ። እትዬ ደብሪቱን ለብቻዋ ወስጄ ተማጠንኳት።

"ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። እዚህ ከቆየሽ ወይ ወፍረሽ በቅሎ አይችልሽም፣ ወይ ልብሽ ይቆማል። ወይ ቶሎ ብዪና ወፈር ብለሽ ተመረቂ፣ ወይ ሳትመረቂ ነዪ እንሂድ። እኔ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም፤ ግን አንዱን ያዢ።"

ትከሻዋ መነቃነቅ ጀመረ። ሳቅ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

"የሺ፣ አልገባሽም? እናቴ በስንት ክረምት 'እሞታለሁ' ብላለች። አልሞተችም። ለምን? ሥራ ስለቀራት። አሁን ሥራዋ የኔ ክንድ ነው። የሞላ ቀን መርቃኝ ትሞታለች። እንደምትለው ነው የምታደርገው፤ አውቃታለሁ።"

"ታዲያ ልጅሽስ? ማሕፀንሽስ? ለምርቃቱ አልነበር ይህን ሁሉ?"

"ነበር።" ወደ ቤቱ አየች። "ጠዋት ክንዴን ስትይዝ ጣቷ እንዴት እንደሚሞቅ ብታውቂ! ለልጅ ብዬ ክንዴን ሞልቼ እናቴን ልጣት? አላውቅም፣ የሺ። ጎንደር ሳለሁ ሰው ወፈርሽ ቢለኝ ከሳሽ ቢለኝ ግድ የለኝም ነበር። ዛሬ ግን ሥጋዬ የኔ ሆኖ አያውቅም ይመስለኛል።"

አቶ ታደለ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ብቻውን ተመልሷል። እናትና ልጅ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ እንደዚያ ኖሩ። እኔ ግን እሷን መጨረሻ ያየሁት በዚያው ማለዳ ነው፤ ሸኝታኝ አቀበቱ ሥር ስንደርስ። ከኋላችን የእማማ ትርንጎ ድምፅ መጣ፤

"ደብሪቱ! ገንፎው ቀዘቀዘ! ዛሬ እኮ ጠዋት ስይዝሽ ትንሽ ሞላ ብለሻል!"

እትዬ ደብሪቱ ደነገጠች። ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች፤ ለካችው። ከዚያ ከበቅሎዬ ጎን መሄዷን ትታ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ወደ ቤቱ ሳትዞር፣ ከፊታችን ዳገቱን በፍጥነት መውጣት ጀመረች፤ እያለከለከች፣ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጠች።

"መጣሁ፣ እማ!" እያለች ትጮኽ ነበር። "እየመጣሁ ነው!"